በበጋ ወራት የጎንደር ቤቶች አየር ሲደርቅ ከአልጋ ሥር ከሚቀመጥ ሳፋ የተሻለ ምን አለ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በከተማችን በጎንደር ለወራት የሚዘልቀው ደረቅ አየር በየቤታችን ስለሚያስከትለው ችግር አንድ አስተያየትና አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮ ሌሊቱን ይደርቃል፣ የሕፃናት አፍንጫ ማንም ሳይነካው ይነስራል፣ የበርና የቁም ሣጥን እንጨት እየተኮማተረ ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። በአብዛኛው ቤት የሚወሰደው መፍትሔ ውሃ የሞላ ሳፋ ከአልጋ ሥር ማኖር ነው። ልማዱን ከእናቶቻችን የወረስነው በመሆኑ አከብረዋለሁ፤ ብቻውን ግን ለተኛው ሰው የረባ ጥቅም አይሰጥም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳ። በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ መያዝ ይችላል። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ70 የሚደርስ መኝታ ቤት 43 ሜትር ኩብ አየር አለው። የዚህን ክፍል አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘውን ድርሻ፣ ከመቶ 25 ወደ መቶ 45 ከፍ ለማድረግ 150 ግራም ገደማ ውሃ መትነን አለበት። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አየሩ በበር ሥር፣ በመስኮት ጠርዝና በኮርኒሱ ስንጥቅ እየወጣ በውጭው ደረቅ አየር ስለሚተካ፣ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ተለወጠ ብንል እንኳ ያንኑ 150 ግራም በየሰዓቱ ማቅረብ ይኖርብናል። ለስምንት ሰዓት እንቅልፍ ሲሰላ ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። ነፋስ በማይነካው ጥግ የተቀመጠ ሳፋ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያተነው ከአንድ ወይም ከሁለት የቡና ሲኒ አይበልጥም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅና የቤተሰቡን ጤና ለሌላ አደጋ ሳያጋልጥ የመኝታ ቤትን አየር ለማርጠብ የሞከራችሁት ዘዴ ምንድን ነው?

መልሶቹ

የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት በማራኪ ሰፈር የሚኖሩ የልጆች እናት ናቸው። ከልብ ካመሰገኑ በኋላ፣ ልብስ የሚያጥቡበትን ጊዜ ከጠዋት ወደ ማታ በማዛወር የታጠበውንና በሚገባ የተጨመቀውን ልብስ በልጆቹ መኝታ ቤት ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ እንደሚያሰጡ፣ ይህንን ማድረግ ከጀመሩ ወዲህም የትንሹ ልጃቸው ነስር እንደቀነሰ ገለጹ። 2ኛው መልስ ሰጪ በሐሳቡ ተስማምተው ጉዳዩ የስፋት መሆኑን አብራሩ። ውሃ የሚተነው ከአየር ጋር ከሚገናኘው ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ሳፋ ውስጥ ያለው አሥር ሊትር ውሃ ጥልቀቱ ምንም አይፈይድም። የተሰጣ ትልቅ ፎጣ ግን በሁለቱም ገጹ ሲቆጠር ሁለት ሜትር ካሬ የሚጠጋ እርጥብ ስፋት አለው፤ በእጅ ከተጨመቀ በኋላም ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በውስጡ ይቀራል። እኔ በመክፈቻው ያነሣሁት ስሌት የሚጠይቀውን መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊያቀርብ የሚችል ከቤት ዕቃ መካከል ይህ ነው ማለታቸው ትክክል ነው።

3ኛው መልስ ከአዘዞ የመጣ ሲሆን ተቃውሞ ነበር። ጸሐፊው ጉሮሮ የሚከረክረውና አፍንጫ የሚያደማው የመንገዱ አቧራ እንጂ የአየሩ ድርቀት አይደለም፣ ሰዉ በማያየው ነገር ላይ ሲጨነቅ የሚያየውን አቧራ ረስቷል የሚል አቋም ያዙ። በዚሁ ላይ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ የሚጨሰውን ቆሻሻ ጨመሩበት፤ ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየ መሆኑን ቢያውቁም፣ ዛሬ ፌስታልና ጎማ የሚቃጠልበት በመሆኑ ለሳንባ ጠንቅ ነው አሉ። ስለ ጭሱ የተናገሩት እውነት ቢሆንም አቧራውንና ድርቀቱን እንደ ተቀናቃኝ ማየታቸውን ግን አልተቀበልኩትም። ይህንንም ከእኔ በተሻለ ሁኔታ ያስረዱት 4ኛዋ ናቸው።

4ኛዋ መልስ ሰጪ በነርስነት የሚያገለግሉ እኅት ሲሆኑ፣ የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን አቧራን የሚይዘውና የሚያስወጣው እርጥብ ሆኖ ሲቆይ እንደሆነ፣ ሲደርቅ ግን እየተሰነጠቀ የደም ሥሮቹ እንደሚጋለጡ በሰፊው ጻፉ። ስለዚህ በደረቅ አየር ውስጥ አቧራው የበለጠ ይጎዳል፤ ሁለቱ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ቀጥለው ስለ ነስር የሰጡት ምክር ከዚህ ውይይት ሁሉ ለወላጆች እጅግ የሚጠቅም ስለሆነ በዝርዝር አሰፍረዋለሁ። አፍንጫው የሚነስር ልጅ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ማድረግ ስሕተት ነው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮና ወደ ሆድ ወርዶ ያስመልሰዋል። ልጁ ተቀምጦ ትንሽ ወደ ፊት ያጎንብስ፣ ከአጥንቱ በታች ያለው ለስላሳው የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ለ10 ደቂቃ ሳይለቀቅ ይያዝ፣ በአፉም ይተንፍስ። በየደቂቃው ቆመ ወይስ አልቆመም እያሉ መልቀቅ የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። ማታ ማታ በአፍንጫው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ነስሩ ከተደጋገመ ወይም በዚህ ዘዴ ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ እንጂ ቤት ውስጥ ማዘግየት አይገባም። ቤት ሲጠረግም በደረቅ መጥረጊያ አቧራ ከማስነሣት ይልቅ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ለሁለቱም ችግር እንደሚበጅ ጠቁመዋል።

ውይይቱ እስከዚህ ድረስ በመከባበር የተካሄደ ነበር። 5ኛው መልስ ግን ማታ ማታ በመኝታ ቤት ውስጥ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ፣ ውሃ የሞላ ድስት ጥዶ፣ ጤና አዳም ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምሮ መተኛትን መከረ። ወዲያው 6ኛውና 7ኛው ተከታትለው በቁጣ መለሱ። 7ኛው በተለይ እንዲህ ያለውን ምክር በአደባባይ መስጠት ሰው እንደ መግደል እንደሚቆጠርና ጽሑፉ በአስቸኳይ እንዲነሣ ጠየቁ። 5ኛው ጸሐፊ በ8ኛው መልስ ተቆጥተው ተመለሱ፤ እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን በዚህ መልክ ኖረው በሰላም እንዳረጁ፣ እሳቸውም ጭሱ እስኪጠፋና ፍሙ ቀይ እስኪሆን ውጭ ሳያቆዩ ወደ ቤት አስገብተው እንደማያውቁ ጻፉ።

በዚህ ነጥብ ላይ የ7ኛው ጸሐፊ አነጋገር ሻካራ ቢሆንም ስጋታቸው ፍጹም ትክክል ነው፤ እኔም ከእሳቸው ጎን እቆማለሁ። ነርሷ በ9ኛው መልስ እንዳብራሩት፣ ከሰል ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ማውጣቱን ይቀጥላል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ቢያስከትልም የተኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሳያውቃቸው ወደ ሞት ይሻገራል። የባሕር ዛፉ መዓዛም ጋዙን አያጠፋውም። የድሮው ቤት የሣር ክዳን ስለነበር አየር በየአቅጣጫው ይገባበት ነበር፤ ዛሬ ግን በሩና መስኮቱ በብረትና በመስታወት ተገጥሞ፣ ኮርኒሱም ተለብዶ፣ ለብርዱ ሲባል ክፍተቱ ሁሉ በጨርቅ ይደፈናል። ነርሷ ሌላም ብዙዎቻችን ያላሰብነውን ነገር አነሡ። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ስለሆነ ሲነድ የሚያወጣው የውሃ እንፋሎት ጥቂት ነው፤ በአንጻሩ ክፍሉን ስለሚያሞቀው የአየሩን አንጻራዊ እርጥበት ይቀንሰዋል። ከላዩ የተጣደው ውሃ ካልፈላ በቀር ማንደጃው ቤቱን የበለጠ ያደርቀዋል ማለት ነው። የ5ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ አልጻፉም።

10ኛው መልስ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ከሚኖሩ የጎንደር ልጅ የመጣ ነው። በእሳቸው አገር በታኅሣሥና በጥር ቤቱ በማሞቂያ ስለሚሞቅ አየሩ ከእኛ እጅግ የከፋ ድርቀት እንዳለው፣ በብረት የበር እጀታ ላይ እጅ ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ንዝረት እስኪሰማ እንደሚደርስ፣ ሁሉም ሰው የአየር ማርጠቢያ ማሽን እንደሚገዛና እኛም ይህንኑ ማድረግ እንዳለብን ጻፉ። 11ኛው መልስ ሰጪ የፊዚክስ መምህር ይመስሉኛል፤ በትሕትና ግን በጥብቅ አረሟቸው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ የሚኒሶታ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ከ1 ግራም ተኩል ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው፤ ይህ አየር ቤት ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ከመቶ 10 በታች ይወርዳል። እዚያ ቤቱን የሚያደርቀው ማሞቂያው ነው። በጎንደር ቤት ግን ማሞቂያ የለም፤ የእኛ ድርቀት ከውጭ እንዳለ የሚገባ ነው፣ የሚከፋውም ሌሊት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ አገር በቅዝቃዜው ምክንያት የመስኮት መስታወት ላይ ውሃ እንዳያዣና ሻጋታ እንዳይፈጠር እርጥበቱ ከመቶ 30 እስከ 40 ባለው እንዲወሰን ይመከራል፤ በእኛ ቤት ግን እስከ መቶ 50 ቢደርስ የሚያሰጋ አይደለም።

12ኛዋ ጸሐፊ ይህንን ተከትለው፣ እንዲህ ከሆነ የማለዳው አየር እርጥብ ነውና መስኮት ንጋት ላይ ከፍቶ እርጥበቱን ማስገባት ይበቃል አሉ። ለዚህም 13ኛው መልስ፣ ማለትም እንደገና እኚሁ መምህር፣ የሰጡት ማብራሪያ ብዙ ብዥታ የሚያጠራ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 6 ግራም ውሃ ያለው አየር እንውሰድ። ንጋት ላይ በ10 ዲግሪ የመያዝ አቅሙ 9 ግራም ተኩል ገደማ ስለሆነ መለኪያው ከመቶ 60 በላይ ያሳያል፤ ያው አየር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት 27 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ወደ 26 ግራም ስለሚያድግ መለኪያው ወደ 23 ይወርዳል። ውሃው አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ንጋት ላይ መስኮት መክፈት የሚጠቅመው ውሃ ስለሚያስገባ ሳይሆን ቤቱን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃውን መሳብ ይህንን ቅዝቃዜ ያቆየዋል፤ በዚህም ያለ አንድ ጠብታ ውሃ የቤቱን እርጥበት ከውጭው ከፍ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። ወጪ ስለማይጠይቅ ከሁሉ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ይመስለኛል።

14ኛው መልስ መድረኩን በኃይል የነቀነቀ ነበር። ጸሐፊዋ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እያወቅን፣ ሌሎች በጀሪካን ገዝተው በሚጠጡበት ከተማ ለአየር ውሃ ስለ ማጠጣት መወያየታችን እንዳሳዘናቸው፣ የጻፍነው ሁሉ ሮቶ በጣሪያው ላይ ላለው ሰው ብቻ የሚሠራ እንደሆነ በምሬት ገለጹ። ሁለት ሰዎች ወዲያው ሊያስተባብሉ ሞከሩ፤ አንዱም ለእህታችን የማይገባ ቃል ስለጻፈ አስተዳዳሪው መልሱን አነሣው፣ ለዚህም ነው በመልሶቹ ተራ ላይ 15ኛ ቁጥር ባዶ የሚታየው። እኔ የእሳቸውን ምሬት እጋራለሁ፤ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው ውሃ ከከተማዋ እድገት ጋር መሄድ እንዳቃተው እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ነገር ግን የመጀመሪያዋ እናት የጻፉት ምክር ለዚህ መልስ ነበረው። ልብስ እንደሆነ መታጠቡ አይቀርም፤ ጨምቆ በግቢ ገመድ ላይ ለፀሐይ የምንሰጠውን ያንኑ ውሃ በመኝታ ቤት ውስጥ ማትነን ተጨማሪ አንድ ጣሳ እንኳ አይጠይቅም። 16ኛዋ መልስ ሰጪ ይህንኑ ካረጋገጡ በኋላ፣ አትክልት የታጠበበትን ንጹሕ ውሃ ለፎጣ ማራሻ መጠቀም እንደሚቻል፣ የሳሙና ውሃ ግን ሽታና ቅሪት ስለሚተው እንደማይመከር አክለዋል።

ለእኔ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ 17ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ ከከተማው በስተ ሰሜን በወለቃ በኩል ያደጉ ናቸው፤ በሸክላ ሥራ የታወቀውን የዚያን አካባቢ ሙያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የሚያነሡት እንስራን ነው። አዲስ እንስራ ገዝተው ሳያሟሹት ይቀራሉ፤ ምክንያቱም የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው በቅባት ስለሚደፈን ውሃ አያሳልፍም። ማታ ውሃ ሲሞላ መጀመሪያ ታችኛው ሆዱ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ይወጣል፤ ቆይቶም በገጹ ላይ ከላብ የደቀቀ እርጥበት ይታያል፣ እጅ ሲነካውም ይቀዘቅዛል። መላው አካሉ እርጥብ ስለሚሆን የሚያተነው ከሳፋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ሥሩ ሰፊ ሳህን ማኖር ያስፈልጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሆዱ ዙሪያ ነጭ ብናኝ ይወጣል፤ ይህ በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድን ሲሆን በሎሚ ተፈትጎ ካልጸዳ ቀዳዳውን እየደፈነ ላቡን ያቆመዋል። መምህሩ በ18ኛው መልስ እንስራው ብቻውን ለሰፊ ክፍል እንደማይበቃ፣ ከአንድ ፎጣ ጋር ሲጣመር ግን ለትንሽ መኝታ ቤት ጥሩ እንደሆነ አስታወሱ። ውሃው ንጹሕ ከሆነና አፉ ከተከደነ ጠዋት ለመጠጥ ቀዝቅዞ መገኘቱ ደግሞ ለ14ኛዋ ጸሐፊ ጥያቄ ተጨማሪ መልስ ነው፤ ውሃው የሚባክን ሳይሆን ተራውን የሚጠብቅ ነው።

19ኛውን መልስ የጻፉት በግንበኝነትና በአናጺነት የኖሩ አባት ናቸው፤ ውይይቱንም ከዕቃው ወደ ቤቱ አዞሩት። በእሳቸው ልምድ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ በደረቅ ወር ከብሎኬት ቤት ይልቅ ለትንፋሽ ይስማማል። ምክንያቱም ጭቃ አየሩ ሲረጥብ ውሃ ስቦ ይይዛል፣ ሲደርቅም መልሶ ይለቃል፤ ምግብ ሲበስልና ሰው ሲታጠብ የሚወጣው እንፋሎት በከንቱ አይሄድም። ነገር ግን በላዩ ላይ ዘይት ቀለም የተቀባ ጊዜ ይህ ጸባዩ ይቀራል። ኖራ ቅብ ግን እርጥበት ያሳልፋል። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የፋሲል ግቢ ተሻገሩ፤ ግንቦቹ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ በመሆናቸው ቀደም ባለው ዘመን ለጥገና የገባባቸው ሲሚንቶ አብሯቸው እንደማይሄድ፣ ኋላም በኖራ መተካቱ ተገቢ እንደነበር በስሜት ጻፉ። ቤት የሚያሠሩ ወጣቶች ቢያንስ የመኝታ ቤቱን የውስጥ ግድግዳ ከዘይት ቀለም እንዲያድኑት መከሩ። እኔም ምክሩን ደግፌ ጽፌላቸዋለሁ፤ የእኔው አጭር መልስ 20ኛው ነው።

ግንቡ ከተነሣ በኋላ ጨዋታው ትንሽ ራቀ። 21ኛው ጸሐፊ በጥር ወር ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ በውሃ ሲሞላ በአካባቢው ያለው አየር እንደሚለሰልስና ለሳምንት ነስር እንደማያገኛቸው ተናገሩ። 22ኛው ደግሞ ማሲንቆ ተጫዋች ሲሆኑ፣ በደረቁ ወር የማሲንቆው ቆዳ ተወጥሮ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ እንደሚረግብ፣ የብራና መጻሕፍትም ማኅደራቸው ውስጥ ሳይገቡ ከተቀመጡ ጠርዛቸው እንደሚጠቀለል አስረዱ። ስለ ቆዳውና ስለ ብራናው የጻፉት ከሙያ የመነጨ እውነት ነው፤ ለብራና ከድርቀቱም ይልቅ የእርጥበቱ መዋዠቅ ይበልጥ ይጎዳል። ስለ መዋኛው የተባለው ግን ከመኝታ ቤታችን ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ አስተዳዳሪው በ23ኛው መልስ ሁላችንንም በትሕትና ወደ ርዕሱ መለሱን።

24ኛዋ ጸሐፊ የአየር ማርጠቢያ ማሽን ገዝተው በጥቂት ቀናት ውስጥ የቴሌቪዥኑ ገጽና ጠረጴዛው ነጭ ዱቄት እንደለበሰባቸው፣ ሻጩም ምክንያቱን ሊነግራቸው እንዳልቻለ በመግለጽ እርዳታ ጠየቁ። መምህሩ በ25ኛው መልስ እንደገለጹት፣ ርካሹ ማሽን ውሃን የሚያተን ሳይሆን በንዝረት ወደ ደቃቅ ጠብታ የሚበትን ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድንም አብሮ ተበትኖ ጠብታው ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ይብሳል። መፍትሔው ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ መጠቀም ነው፤ ማፍላት ግን ማዕድኑን አያስወግደውም። ነርሷም በ26ኛው መልስ ከዱቄቱ የከፋውን ነገሩን፤ ማሽኑ ውስጥ የሚያድር ውሃ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል፣ ማሽኑም ያንኑ ወደ ሳንባ ይረጨዋል። ስለዚህ ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ዕቃው ታጥቦ ይድረቅ፣ በየጥቂት ቀኑም በአቼቶ ይጽዳ። አንድ ሰው አቼቶውን ከበረኪና ጋር መቀላቀል የበለጠ ያጸዳል ብሎ ጣልቃ ቢገባም፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥሩ ፈጽሞ እንዳይሞከር ነርሷ ወዲያው አስጠነቀቁ። ይህ ማስጠንቀቂያ የልብስ ማጠቢያ ቦታ ላለው ሁሉ ይሠራል።

እስካሁን ማንም በበቂ ያላነሣው የመለኪያ ጉዳይ በ28ኛው መልስ ቀረበ። ጸሐፊው ሁላችንም ስለ መቶኛ ስንከራከር መለኪያ ያለን ስንቶቻችን ነን ሲሉ በቀጥታ ጠየቁ፤ ጥያቄው የሰላ ቢሆንም ቦታው ላይ የወደቀ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አምስት ነጥብና ከዚያም በላይ ሊሳሳት ስለሚችል በቤት ውስጥ የሚፈተንበትን መንገድ አስረዱ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ይደረጋል፤ ጨው ሳይሟሟ ሊጥ እስኪመስል ድረስ ብቻ በጥቂት ውሃ ይርሳል። ክዳኑና መለኪያው፣ ጨው መለኪያውን እንዳይነካ ተደርጎ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ግልጽ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ይዘጋባቸዋል። በእርጥብ ጨው ላይ የታሰረ አየር እርጥበቱ መቶ 75 ስለሆነ፣ መለኪያው 70 ካሳየ ዘወትር አምስት መጨመር፣ 80 ካሳየ አምስት መቀነስ ነው። ነርሷ ከዚሁ ጋር አያይዘው፣ እርጥበት ከመቶ 50 ሲያልፍ የአስም በሽተኞችን የሚያስቸግሩ፣ በአልጋ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች እንደሚራቡ፣ ከመቶ 60 በላይ ሲቆይም ሻጋታ እንደሚነሣ፣ ስለዚህ ከ40 እስከ 50 ላይ መቆም እንደሚሻል ጻፉ።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ በቁጥር 30ኛው፣ የቀረበው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ከሚኖር ተማሪ ነው። ጉሮሮው ጠዋት ጠዋት እየደረቀ ስለሚያስቸግረው ስንት ፎጣ ማስጣት እንዳለበት ጠየቀ። መምህሩ ፎጣ ከማስጣቱ በፊት መለኪያ ተውሶ ሌሊቱን እንዲያነብ መከሩት፤ እሱም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ንጋት ላይ ከመቶ 60 በላይ እንዳነበበ በመገረም ጻፈ። ማብራሪያው ከባድ አልነበረም። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ከ30 እስከ 50 ግራም ገደማ ውሃ ያወጣል፤ አራት ሰዎች በተዘጋች ጠባብ ክፍል ሲያድሩ፣ እኔ በመክፈቻው ለአንድ ሰፊ ክፍል ያሰላሁትን 150 ግራም ራሳቸው ያቀርባሉ ማለት ነው። የዚህ ተማሪ ችግር የውሃ እጥረት ሳይሆን የታፈነ አየርና የታፈነ አፍንጫ ሊሆን ስለሚችል፣ ነርሷ ማታ መስኮቱን በጣት ስፋት ገርበብ አድርገው እንዲተኙ፣ እሱም አፍንጫው ተዘግቶ በአፉ የሚተነፍስ እንደሆነ እንዲታይ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ነገሩት።